ከእቶን እስከ ቧንቧ፦ የመጸዳጃ መቀመጫ ጥራት የሚፈተንበት መንገድ

አንድ የመጸዳጃ መቀመጫ ከፋብሪካ ወጥቶ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ሁለት ዓይነት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። የመጀመሪያው ስለ አካሉ ነው፤ ሸክላው በሚገባ በስሏል ወይ፣ የተሸሸገ ስንጥቅ አለበት ወይ፣ ውሃ ይመጥጣል ወይ፣ ወለል ላይ ሳይወላገድ ይቀመጣል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ሥራው ነው፤ በተወሰነለት ውሃ የተጣለበትን ሁሉ ጠርጎ ያስወጣል ወይ፣ ካስወጣ በኋላስ ሽታ የሚከለክለውን ውሃ መልሶ ይይዛል ወይ የሚል ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ የሸክላ ባለሙያዎች የቆየ ዕውቀት ሲሆን፣ ዛሬ በሚዛን፣ በሙቀት መለኪያና በአየር ግፊት ቢደገፍም መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። ሁለተኛው ግን የማይሸሹት ችግር አለበት፤ ፈታኙ ሰዎች በየቤታቸው የሚጥሉትን ነገር ራሱን በላቦራቶሪ ውስጥ ሊጠቀምበት ስለማይችል ምትክ ይመርጣል፣ የመረጠው ምትክም ውሎ አድሮ መቀመጫውን ራሱን ይቀርጸዋል። ይህ ዲስኩር ሁለቱንም ጥያቄዎች የሚመለከት ቢሆንም ክብደቱን የሚጥለው በሁለተኛው ላይ ነው።

ዘመናዊው መቀመጫ የሚሠራው ቪትሪየስ ቻይና ከሚባል፣ በስሎ ሲያበቃ ወደ መስታወትነት ከሚጠጋ የሸክላ ዓይነት ነው። ውህዱ ካኦሊን ከሚባለው ነጭ ሸክላ፣ ቦል ክሌይ ከሚባለውና በቀላሉ ከሚለጠጠው ሌላ ሸክላ፣ በእሳት ቀልጦ የቀሩትን ከሚያጣብቀው ፌልድስፓር፣ እንዲሁም አካሉ በሙቀት ውስጥ እንዳይሟሽሽ ከሚደግፈው ኳርትዝ ይዘጋጃል። እነዚህ ማዕድናት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደሉም፤ በደቡብ ኦሮሚያ ቦምቦውሃ ከሚባለው ስፍራ የሚወጣው ካኦሊን በሀዋሳ ለሚገኘው ለታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሆኖ አገልግሏል። ማዕድኑ ከየትም ይምጣ ከየት፣ የጥራት ፈተና የሚጀምረው ገና ከዚህ ነው፤ በሸክላው ውስጥ የቀረች ጥቂት የብረት ቅንጣት በነጩ ገጽ ላይ ቡናማ ነጥብ ሆና ስለምትወጣ፣ ውህዱ ከወንፊት በተጨማሪ በማግኔት መካከል እንዲያልፍ ይደረጋል።

ውህዱ በውሃ ተበጥብጦ ስሊፕ የሚባለው ፈሳሽ ጭቃ ሲሆን፣ አንዱ ሊትር ወደ 1.8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህን ያህል ጠጣር የያዘ ጭቃ በራሱ ፈሳሽ ሊሆን አይችልምና ሶዲየም ሲሊኬትን የመሰለ ቅመም በጥቂቱ ይጨመርበታል፤ ቅመሙ ካነሰ ጭቃው አይፈስም፣ ከበዛም ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ልፍስፍስ ወይም ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ በደንብ የሚመራ ፋብሪካ የጭቃውን ክብደት፣ የፍሰቱን ፍጥነትና ቆሞ ሲቆይ ምን ያህል እንደሚረጋ በየፈረቃው ይለካል። ጭቃው በጀሶ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲፈስ ጀሶው ውሃውን እየመጠጠ በግድግዳው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ውፍረት ያለው ቅርፊት ያረጋል፣ የተረፈው ፈሳሽም ተመልሶ ይቀዳል። ጀሶው በየጊዜው እየተቦረቦረና የመምጠጥ ኃይሉ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ከመቶ ጊዜ ገደማ በላይ የሚያገለግል ቅርጽ ማውጫ ብዙ አይገኝም፤ ያረጀ ጀሶ በትዕግሥት የሚጠቀም ፋብሪካ በጀሶ ያተረፈውን በስብርባሪ ይከፍላል።

ከቅርጽ ማውጫ የወጣው ጥሬ ዕቃ ከደረቀ በኋላ የሚደረግለት አንድ ፈተና ከሁሉ ይልቅ ርካሽና ከሁሉ ይልቅ ጠቃሚ ነው ማለት ይቻላል። ሠራተኛው በላምባ የተነከረ ብሩሽ ይዞ መጋጠሚያዎቹንና ጥምዝ ቦታዎቹን ይቀባል፤ ላምባው ከደኅናው ገጽ ላይ ወዲያው ሲተንን በስንጥቅ ውስጥ የገባው ግን ዘግይቶ ስለሚደርቅ፣ በዓይን የማይታየው ስንጥቅ እንደ ጥቁር መስመር ለጥቂት ቅጽበት ይጋለጣል። የዚህ ፈተና ዋጋ የሚገባው የሚያስከትለውን ልዩነት ለሚያስብ ነው፤ ከእሳት በፊት የተገኘ ጉድለት ዕቃው ተሰብሮ በውሃ ተበጥብጦ እንደገና ጭቃ እንዲሆን ብቻ ያደርገዋል፣ ከእሳት በኋላ የተገኘ ግን ወደ ጭቃነት የማይመለስ ድንጋይ ሆኖ፣ የፈጀውን ነዳጅ ጭምር ይዞ ይቀራል።

ጥሬው ዕቃ ወደ እቶን ከመግባቱ በፊት ግሌዝ የሚባለው የመስታወት ልባስ ይረጭበታል። ልባሱ ነጭና የማያሳልፍ እንዲሆን ብዙውን ጊዜ የዚርኮኒየም ማዕድን ይጨመርበታል፤ ከሳሳ የሸክላው ቀለም ያሳብቃል፣ ከወፈረ ደግሞ ይንጠባጠባል፣ ይባስ ብሎም ውሃ ከጠርዙ ሥር እንዲረጭ የተበሱትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ይህ የመጨረሻው ጉድለት ለዓይን ቀላል ቢመስልም የሚጎዳው የመቀመጫውን ሥራ ስለሆነ፣ በጥንቃቄ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በመለኪያ ዘንግ ያረጋግጣሉ።

እቶኑ ብዙውን ጊዜ ረጅም ዋሻ ነው፤ ዕቃዎቹ በጋሪ ተጭነው በአንድ በኩል ገብተው ቀስ በቀስ ወደ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም ከፍ ወዳለ ሙቀት ከደረሱ በኋላ በሌላው በኩል ቀዝቅዘው ይወጣሉ። በዚህ ጉዞ አካሉ ከመጀመሪያው ልኩ ከመቶ አሥር እጅ ገደማ ይኮማተራል፤ ቅርጽ ማውጫው ከታሰበው መቀመጫ ተልቆ የሚሠራውም ስለዚህ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ቅዝቃዜው ነው። ኳርትዝ በ573 ዲግሪ ላይ የውስጥ አወቃቀሩን ስለሚለውጥና በዚያች ነጥብ መጠኑ በድንገት ስለሚቀንስ፣ ጋሪው ይህን ሙቀት ቸኩሎ ያለፈ እንደሆነ በአካሉ ውስጥ ጭንቀት ይቀራል። ጭንቀቱ ወዲያው ሊሰነጥቀው ይችላል፤ አንዳንዴ ግን መቀመጫው ከእቶን ጤነኛ መስሎ ከወጣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ በመጋዘን ውስጥ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ከእቶን የወጣን ዕቃ ወዲያው አሽጎ መላክ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከእቶን በኋላ የሚደረጉት ፈተናዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዳንዱ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሲደረግ አንዳንዱ ደግሞ ዕቃውን ስለሚሰብር ለናሙና ብቻ ይደረጋል። ለእያንዳንዱ ከሚደረጉት መካከል ማንኳኳት ይገኛል፤ ገበያ ወርዳ እንስራ የምትመርጥ ሴት በጣቷ እያንኳኳች ድምፁን እንደምታደምጥ ሁሉ፣ የፋብሪካው መርማሪም በትንሽ መዶሻ ነካ አድርጎ ጥርት ያለውን ድምፅ ከታፈነው ይለያል። ቀጥሎ በደማቅ ብርሃን ሥር የዓይን ምርመራ ይደረጋል። የሰሜን አሜሪካው መለኪያ መርማሪው ከዕቃው ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ እንዲመለከት ያዝዛል፤ ይህ ርቀት ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ አፍንጫውን አስጠግቶ የሚያይ ሰው በየትኛውም ሸክላ ላይ ቀዳዳና ነጥብ አያጣምና። የመሠረቱ መወላገድ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይለካል፣ የውስጡ ቧንቧ ደግሞ በአየር ይፈተናል፤ አፎቹ በጎማ ተደፍነው አየሩ ይሳባል ወይም ይገፋል፣ መለኪያው ካልቆመ በጥምዙ አንገት ውስጥ ማንም በዓይኑ ሊደርስበት የማይችል ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ገጹ ላይ ትንሽ ጉድለት የተገኘበት ዕቃ ተጠግኖ ከመጀመሪያው ባነሰ ሙቀት እንደገና ይበስላል።

ለናሙና ከሚደረጉት ውስጥ ዋናው የውሃ መምጠጥ ፈተና ነው። ከተሰበረ ዕቃ የተወሰደ ቁራጭ ደርቆ ይመዘናል፣ በውሃ ውስጥ ለሰዓታት ተቀቅሎና ተዘፍዝፎ ከቆየ በኋላ እንደገና ይመዘናል፤ በቪትሪየስ ቻይና ላይ የሚፈቀደው የክብደት ጭማሪ በአማካይ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። የዚህን ቁጥር ጥብቅነት ለመረዳት ውጤቱን ማየት ይበቃል፤ ውሃ የሚመጥጥ አካል በዓመታት ውስጥ በጥቂቱ ያብጣል፣ ከላዩ ያለው መስታወት ግን አብሮት ስለማይለጠጥ ጸጉር በመሳሰሉ ስንጥቆች ይረበረባል፣ ከዚያ በኋላ ቆሻሻው ከመስታወቱ ሥር ገብቶ ስለሚቀመጥ የትኛውም ሳሙና አያነጻውም። ይህን የዓመታት ሂደት ባጭሩ ለማየት ቁራጩ በ110 ዲግሪ በሚፈላ የካልሲየም ክሎራይድ ድፍድፍ ውስጥ ለ90 ደቂቃ ቆይቶ ድንገት በበረዶ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ በመጨረሻም በሰማያዊ ቀለም ይዘፈዘፋል፤ ስንጥቅ ካለ ቀለሙ ይመሰክራል። በግድግዳ ላይ የሚንጠለጠሉ መቀመጫዎች ደግሞ ሸክም ይጫንባቸዋል፤ በአውሮፓው መለኪያ 400 ኪሎ ግራም ገደማ ለአንድ ሰዓት ይጫናል፣ መቀመጫውም መሰንጠቅ የለበትም።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ ሸክላን ስለ ሸክላነቱ መፈተን ነው። የሥራው ፈተና ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ተከትሏል። እ.ኤ.አ. በ1884 በለንደን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጤና ኤግዚቢሽን ላይ የጆርጅ ጄኒንግስ ሥራ የሆነው ባለ እግር መቀመጫ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሸለም፣ የተፈተነው በሁለት ጋሎን ውሃ ነበር፤ በአንድ ማጠቢያ አሥር ትንንሽ ፖሞችን፣ አንድ ጠፍጣፋ ስፖንጅንና በሳህኑ ላይ የተለጠፉ አራት ወረቀቶችን ጠርጎ አስወጣ፣ በገጹ ላይ የተቀባውንም የቧንቧ ሠሪዎች ቅባት አጠበ። ይህ ለዛሬ አድማጭ ትርኢት ቢመስልም፣ የኋለኞቹ ፈተናዎች የሚጠይቋቸው ነገሮች በሙሉ ማለት ይቻላል በውስጡ ይገኛሉ፤ ጠጣር ነገር ማስወጣት፣ የሚንሳፈፍ ነገር መሳብ፣ ወረቀት መንቀልና ገጽ ማጠብ። የጎደለው ፖሙ የሰውን ዐይነ ምድር መምሰሉን የጠየቀ ሰው ነበር፤ ፖም ይንሳፈፋል፣ ይንከባለላል፣ አይለጠፍም።

በሃያኛው መቶ ዓመት ፖሙ በፕላስቲክ ተተካ። የሰሜን አሜሪካው መለኪያ ዲያሜትራቸው 19 ሚሊ ሜትር የሆኑ መቶ የፖሊፕሮፒሊን ኳሶች በሳህኑ ውስጥ ተጥለው ቢያንስ 75ቱ በአንድ ማጠቢያ እንዲወጡ ይጠይቅ ነበር፤ ከጠርዙ ሥር 25 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ዙሪያውን በቀለም የተሰመረ መስመርም ሲታጠብ የሚቀረው ርዝራዥ በድምር ከ50 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ያዝዛል። ሽታ የሚከለክለው የውሃ ግርዶሽ፣ ማለትም በጥምዙ አንገት ውስጥ የሚቀረውና ከፍሳሽ ቧንቧ የሚመጣውን አየር የሚያግደው ውሃ፣ ከ50 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጥልቀት እንዳይኖረው ያደርጋል። አውሮፓውያን በበኩላቸው ከወረቀትና ከኳስ ሌላ ደቃቅ የእንጨት ብናኝ በሳህኑ ገጽ ላይ በትነው ይፈትናሉ። ፕላስቲክ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አይበሰብስም፣ ደጋግሞ ያገለግላል፣ ከሁሉም በላይ ዛሬ የተደረገው ፈተና በሌላ አገር፣ በሌላ ላቦራቶሪ ቢደገም ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ተደጋጋሚነት የሳይንስ መሠረት መሆኑ አይካድም፤ ግን አንድ ፈተና ፍጹም ተደጋጋሚ ሆኖ ሳለ የተሳሳተውን ነገር ሊለካ ይችላል።

ይህ የታየው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የኃይል ፖሊሲ ሕግ ከጥር 1994 ጀምሮ ለቤት የሚሠሩ መቀመጫዎች በአንድ ማጠቢያ ከ1.6 ጋሎን፣ ማለትም ከ6 ሊትር ገደማ በላይ እንዳይጠቀሙ ደነገገ፤ ከዚያ በፊት የተለመደው 3.5 ጋሎን፣ ወይም 13 ሊትር ያህል ነበር። ብዙ አምራቾች የቆየውን ሳህን እንደነበረ ይዘው ውሃውን ብቻ ቀነሱ። ሳህኖቹ የፕላስቲኩን ፈተና አለፉ፣ በየቤቱ ግን ተዘጉ፤ ሰዎችም ሁለትና ሦስት ጊዜ መልቀቅ ስለጀመሩ ሕጉ ያሰበው ቁጠባ በከፊል ፈሰሰ። ቅሬታው ፖለቲካ እስከ መሆን ደረሰ፤ ጥፋቱ ሁሉ በውሃው ማነስ ላይ ተደፋ። ሆኖም ከዚያ በኋላ በዚያው 6 ሊትር፣ አልፎም በ4.8 ሊትር በሚገባ የሚሠሩ መቀመጫዎች ስለተሠሩ፣ ችግሩ የውሃው መጠን ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ፈተናው ጥሩውን ከመጥፎው አይለይም ነበር፤ የማይለይ ፈተና ደግሞ አምራቹን እንዲያሻሽል አያስገድደውም።

መፍትሔው የመጣው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ውሃ በመቆጠብ ላይ ከሚሠሩ አማካሪዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳና በአሜሪካ የተጀመረው ማፕ የሚባለው ፈተና ፕላስቲኩን ትቶ ከአኩሪ አተር የተዘጋጀ ሊጥ ወሰደ። ሊጡ እንደ ጃፓኖች ሚሶ ያለ ነው፤ ከውሃ ጥቂት ስለሚከብድ ይሰጥማል፣ ይለጠፋል፣ ቅርጹንም ይለውጣል። እያንዳንዱ 50 ግራም በሚመዝን፣ ጣት በሚያህል ቁራጭ ተጠቅልሎ ከተኮማተረ የመጸዳጃ ወረቀት ጋር በሳህኑ ውስጥ ይጣላል፤ መቀመጫው ሁሉንም ካስወጣ መጠኑ እየተጨመረ ይቀጥላል፣ እስከ 1000 ግራምም ይደርሳል። ውጤቱ ማለፍና መውደቅ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በግራም የሚገለጽ ቁጥር ሆነ፣ ቁጥሩም በሞዴል ስም ለሕዝብ ወጣ። ምናልባት ከሊጡ ይልቅ ነገሩን የለወጠው ይህ ነው፤ አንዱ አምራች 250 ግራም፣ ተፎካካሪው 800 ግራም ሲጠርግ ሁሉም ሰው ማንበብ ቻለና ንድፍ ክፍሎቹ እንደገና ሥራ ጀመሩ። ጥምዙ አንገት ሰፋ፣ ውስጡም ልባስ ተቀባ፣ ውሃ ከሣጥኑ የሚወጣበት ቫልቭ ተለቀ፣ ከጠርዝ ይልቅ ወደ ታች በቀጥታ የሚገፋው ውሃ በዛ። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ዋተርሴንስ በሚባለው መለያው 350 ግራም ሊጥ በ4.8 ሊትር ውሃ የሚያስወጡትን ብቻ እየመረጠ ምልክቱን ይሰጣል።

የዚህ ድል ሌላ ገጽታም አለ። ግራም የሚቆጥር ፈተና አምራቹን በሳህኑ መካከል ያለውን ጠጣር እንዲገፋ ይሸልመዋል እንጂ የሳህኑን ዙሪያ እንዲያጥብ አይሸልመውም፤ ውሃው ውስን ስለሆነም ለአንዱ የተሰጠው ከሌላው የተወሰደ ነው። ስለዚህ በከፍተኛ ግራም የሚመሰገን መቀመጫ በገጹ ላይ እድፍ የሚተው ሊሆን ይችላል፤ የቀለሙ መስመር ፈተና እስከ ዛሬ ጸንቶ የቆየውም ለዚህ ነው።

ሁሉም ፈተናዎች በጋራ የሚያስቡት አንድ ነገር አለ፤ የውሃ ሣጥኑ ሙሉ ነው፣ ግፊቱም በቂ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ከተሞች፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ በብዙ ቤት መቀመጫው የሚታጠበው በባልዲ ነው። በባልዲ ሲደፋ ውሃው ሣጥኑን፣ ቫልቩንና የጠርዙን ቀዳዳዎች በሙሉ አልፎ በቀጥታ ሳህኑ ውስጥ ይገባል፤ አንገቱ በቶሎ ከሞላ ይስባል፣ ካልሞላ ውሃው ዝም ብሎ ተቀላቅሎ ይፈሳል፣ የሳህኑ ዙሪያ ግን አይታጠብም። ስለዚህ በካታሎግ ላይ የተጻፈው ግራም ለእንዲህ ያለ ቤት ብዙም አይናገርም፤ ለዚያ ገዢ ይበልጥ የሚጠቅመው የአንገቱ ስፋትና የልባሱ ልስላሴ ነው። በቁም ነገር ቢታሰብ፣ ከተወሰነ ከፍታ በተወሰነ ፍጥነት በሚደፋ ባልዲ መፈተን ለላቦራቶሪ ከባድ ሥራ አይደለም።

ፈተናው ከሳህኑ አልፎ ወደ ቧንቧው መሄዱም አይቀርም። የሰሜን አሜሪካው መለኪያ እነዚያኑ መቶ ኳሶች 18 ሜትር በሚረዝም፣ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው አግድም ቧንቧ ውስጥ እየላከ በአማካይ ቢያንስ 12 ሜትር ያህል መጓዛቸውን ይለካል። በሳህኑ ውስጥ ያታለለው ኳስ በቧንቧው ውስጥም ያታልላል፤ ኳስ ይንከባለላል፣ ወረቀት ግን ይተኛል። በአሜሪካ የቧንቧ ሥራ ማኅበራት ተባብረው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ረጅም ቧንቧ ውስጥ ሊጥና ወረቀት እያስገቡ የውሃውን መጠንና የቧንቧውን ዝቅታ እየለዋወጡ ሲፈትኑ፣ ውሃው ወደ 3 ሊትር ሲወርድ ጉዞው ሥርዓት አጣ፤ ከሁሉም ይልቅ ግን ጎልቶ የወጣው አንዱ ምክንያት የመጸዳጃ ወረቀቱ ረጥቦ ሳለ ያለው ጥንካሬ ነበር። ቶሎ የሚበጣጠሰው ወረቀት ይሄዳል፣ ረጥቦም የሚጠነክረው ይከማቻል። ወረቀቱን የሚሠራው ሌላ ፋብሪካ፣ የሚመርጠውም የቤቱ ባለቤት ስለሆነ፣ የሸክላ ፋብሪካው በዚህ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም።